ፔዳሉን በሸምሶ እጅ ልኬልሃለሁ

ቡታጅራ፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ስደውል ሐና "ተኝቷል" ትለኛለች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የምትተኛ ሰው እንዳልሆንክ እኔም አውቃለሁ፣ እህቴም ታውቃለች። ወልቂጤ እሷ ዘንድ ከሄድክ ወዲህ ድምፄን መስማት ካልፈለግህ ግድ የለም፣ ጽሑፌን አንብብ። ሸምሶ ከደብዳቤው ጋር የሚሰጥህ ፌስታል ውስጥ ያለው የመኪናህ ነዳጅ መስጫ ፔዳል ነው። አዎ፣ ፈትቼዋለሁ። ከመቆጣትህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

የሚኒባሱን አሮጌ ሞተር አውርደን ከመርካቶ ያመጣኸውን ስንጭን እንዴት ደስ ብሎህ እንደነበር አልረሳውም። "ይሄ የአረቅጥን ዳገት እየዘመረ ነው የሚወጣው" አልከኝ። የድሮው ፔዳል ሞተሩን በገመድ ነበር የሚስበው፤ ስትረግጠው ገመዱ እግርህን መልሶ ይገፋው ነበር። አዲሱ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ገመድ የለውም። ምን ያህል እንደረገጥክ ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ለሞተሩ። አንተ "በወሬ የሚሄድ መኪና" ብለህ ስም አወጣህለት፣ ጋራዡ ሁሉ ሳቀ።

መጀመሪያ እውነትም ችግር ነበረው። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ዳገት ላይ ጋሪ ሁሉ ይቀድመናል። ሽቦውን ስንለካ፣ ስንለካ ቆይተን ምክንያቱን ያገኘኸው አንተ ነህ። ኔጋቲቭ ሽቦውን ያሰርነው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ቀለሙን ፍቀህ እንደገና ስታስረው መብራቱ ጠፋ፣ ከዚያ ወዲህም በርቶ አያውቅም።

ከዚያ የቡኢው ነገር መጣ። ቆመህ ሰው እየጫንክ ሳለ መኪናው ወደ ፊት ዘለለ። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ የነበረች ሴት ወደቀች። ጉልበቷ ተላጠ እንጂ ሌላ ጉዳት አልደረሰባትም። ስትመለስ "ፔዳሉ ነው፤ ሳልረግጠው ሞተሩ ይጮሃል" አልከኝ። በሙያህ ስትሳሳት አይቼህ ስለማላውቅ አመንኩህ።

"አንድ ነገር ቀይሪና ሞክሪ፤ እሱን ሳታጠሪ ወደ ሌላው እንዳትሄጂ" ብለህ ነው ያስተማርከኝ። እንደዚያው አደረግሁ። እንደኛው ዓይነት ሞተር ካለው ከሸምሶ ሚኒባስ ፔዳል ተውሼ ገጠምኩልህ። ነድተህ ተመለስክና "ያው ነው" አልክ። ሽቦውን ከፔዳሉ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ በአዲስ ተካሁ። አሁንም "ያው ነው"። የራሱን ፔዳል መልሼ ገጠምኩና ሸምሶን ነድተህ እይልኝ ብዬ ለመንኩት። ጥያ ድረስ ደርሶ ተመለሰና ቁልፉን አቀበለኝ።

"ወላሂ ረድኤት፣ ይሄ መኪና ምንም የለበትም።"

"አባዬ ግን ይዘላል ይላል።"

"እንግዲህ ጋሽ ባዩ ካሉ እሳቸው ያውቃሉ" አለና ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ።

እኔም ነዳሁት። አልዘለለም። ፔዳሉን ቀየርን፣ ሽቦውን ቀየርን፣ ችግሩ አልሄደም። የሄደው ሾፌሩ ሲቀየር ነው።

ይህን ማመን አልፈለግሁም። ሌላ ምክንያት ፍለጋ መኪናው ሥር ገብቼ ስንት ጊዜ እንደተንጋለልኩ አንተም አይተሃል። በኋላ አንተ ከደንበኛ ጋር ቆመህ ስታወራ እኔ አጠገብህ ጭስ ማውጫ እበይድ ነበር። የተፈናጠረ ትኩስ ብረት ጫማህ ውስጥ ገባ። የሚቃጠል ካልሲ ሸተተኝ፣ አንተ ግን ስለ ጎማ ዋጋ ወሬህን ቀጥለሃል። ሮጬ ጫማህን ሳወልቀው ካልሲው ተበስቷል፣ ቆዳህም ተልጧል። የሌላ ሰው እግር እንደሚያይ ሰው ነበር የምታየው። "የመካኒክ ቆዳ ወፍራም ነው" ብለህ ሳቅህ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ያኔ ነው ቁልፉን የያዝኩብህ፤ አንተም "ከገዛ መኪናዬ አወረድሽኝ" ብለህ በሰው መኪና ወልቂጤ ሄድክ።

አባዬ፣ እግርህን ያደነዘዘው ስኳርህ ነው። እማዬም ታውቃለች፣ ሐናም ታውቃለች፤ የጠፋው አንተ ፊት የሚናገር ነው። ለምን እንደጠፋም ይገባኛል። አምና አንድ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆመህ ጌታ ከስኳር እንደፈወሰህ መሰከርክ። ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናወጠ፣ እኔም አለቀስኩ። በማግስቱ ኪኒኑን ተውክ። አሁን ሐኪም ቤት በር ላይ ብትታይ ምስክርነትህን መልሰህ የዋጥክ ይመስልሃል። ያ ሁሉ ሰው ምን ይለኛል ብለህ እግርህን እየከዳኸው ነው።

እኔ ስለ ፈውስህ ከጌታ ጋር አልከራከርም። ግን ያቺ ሴት ቡኢ ላይ ጎማው ሥር ሳትገባ የቀረችው በማን ነው? እሱንም መስክር። ጉባኤው ፊት ቆመህ "እግሬ ደንዝዞ ሰው ልገድል ነበር፣ ጌታ አተረፈኝ" በል፤ የሚያማህ ካለ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።

ለገበያ ቀን መጥተህ ሥራ እንደምትጀምር ሐና ነግራኛለች። ፈርቻለሁ አባዬ። ሰው ሞልተህ የአረቅጥን ቁልቁለት ስትወርድ፣ እግርህ ፍሬኑ ላይ ይሁን ነዳጁ ላይ ሳታውቀው ይታየኛል። ሰው ገድለህ መኖር የምትችል ሰው አይደለህም፤ እኔም ያንን አባቴን ማየት አልችልም።

ፔዳሉን ልደብቀው አስቤ ነበር። ግን አንተ እኔን እንደዚያ አድርገህ አላሳደግኸኝም። ቁልፉም ፌስታሉ ውስጥ አለ። ሁለቱንም ይዘህ መጥተህ፣ በሃያ ደቂቃ ገጥመህ መሄድ ትችላለህ፤ አልከለክልህም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሙከራ አድርግልኝ። ጫማና ካልሲህን አውልቅና ዓይንህን ጨፍን። ሐና ፔዳሉን አንዴ ቀኝ እግርህ ላይ ታስነካዋለች፣ አንዴ ታርቀዋለች። አንተ "አለ" ወይም "የለም" በላት። ካልተሳሳትክ ና፤ በገዛ እጄ እገጥመዋለሁ፣ ሸምሶ ባለበትም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ከተሳሳትክ ግን ሳታድር ከሐና ጋር ሐኪም ቤት ሂድ። ውጤቱን እንዳትነግረኝ አስጠንቅቄያታለሁ። የምትነግረኝ አንተ ነህ።

ጋራዡ ውስጥ እግርህን አይደለም የምፈልገው። ትናንት አንድ ሞተር ሲንተከተክብኝ ዋልኩ፤ አንተ ብትኖር ከበር ላይ ሰምተህ "ሁለተኛው ኖዝል ነው፣ ነዳጅ አይረጭም" ብለህ ታልፍ ነበር። እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ጋቢና ተቀምጠህ ስለ አነዳዴ እየተነጫነጭክ ትሄዳለህ። መነጫነጩን እችለዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ።

ከፔዳሉ ሥር እማዬ ያስቀመጠችልህ አዲስ ካልሲ አለ። ነጭ ነው። ጋራዥ ውስጥ ነጭ ካልሲ ምን ይሠራል ብለህ እንደምትቆጣ ነግሬያት ነበር።

"ሲደማ ካልተሰማው እንኳ ይታየው" አለችኝና ጠቀለለችው።

ስልክህን የምትጠብቅ ልጅህ፣
ረድኤት ባዩ