ግንቡ የታጠፈበት ቦታ

ልጄ፣ የረገጥከው ምድር ይመችህ፤ ክፉ አይይህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል።

የድንበሩ ነገር አለቀ፤ እፎይ ብያለሁ። ቀያሹ መጥቶ ሜትሩን ሲዘረጋ፣ ድንበር ገፍቶ የተገኘው ግንብ የሚያሠራው አናጺው ጎረቤታችን ሳይሆን የእኛ ኩሽና ሆነ። ምድጃው ያለበት ጥግ ለካ የቆመው እሱ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ስንጮህበት ከርመን አሁን "አፍርሱ" ቢለን ምን አፍ አለን? እሱ ግን ግንበኞቹን ጠርቶ፣ "እዚህ ጋ እጠፉት፤ እማማ የት ሊያበስሉ ነው?" አላቸው። ይኸው ግንቡ ኩሽናችን ጋ ሲደርስ እንደ ክርን ታጥፎ ያልፋል።

አንተም በስልክ ስድብ አውርደህበት ነበርና ደውለህ ይቅርታ በለው። ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ። በደወልክ ቁጥር አስቀድመህ የምትጠይቀኝ ግንብ እንግዲህ አልቋል፤ ስትደውል መጀመሪያ "እማዬ፣ ደህና ነሽ ወይ?" በለኝ።