ሰውየውን ማን ነገረኝ?

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

የሚካኤል በዓል። ማኅሌቱ በሥርዓቱ ተፈጸመ። ወጣቶቹ ሁለት ቦታ ዜማ ሰበሩ፤ በዚያው አረምኋቸው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ምራቴ ፈንታዬ ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ ወገቡ ደረሰች። የከላላው ገበሬ የይመር ልጅ፣ እስላም ናት። ልጄ አካሉ በቀበሌ ተፈራርሞ ካመጣት ወዲህ ቃሌን አልለወጥሁም፤ ያልተጠመቀች ሴት በእኔ ጣሪያ ሥር አትኖርም። ለጥምቀት በዓል ቀን ተቆርጧል። እስከዚያ በግዕዝ፣ በቃሏ፣ እንደ እኛ ሥርዓት ታጠናለች። አእምሮዋ ስለት ነው። ደስ አለኝ... ፊቴን ግን አላሳየኋትም።

ኅዳር ፲፱

ዛሬ ንባቡን አቋርጣ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ትርጉሙስ?»

«ትርጓሜ ኋላ ነው። መጀመሪያ ንባብ።»

«ኋላ ማለት መቼ ነው?»

«ሲደርስ።»

«መሠረተ ትምህርት ላይ እኮ ካነበብን በኋላ መምህሩ ‹ምን ገባችሁ?› ይለናል።»

«እዚያ የሚያስተምሩሽ ስለ ማዳበሪያ ነው። ይህ ማዳበሪያ አይደለም!»

ባለቤቴ አስቻለች ከጓዳ ሳቀች። ምን ያስቃል?

ልጅቱ አልተወችኝም። «በእኛ በኩል ነቢዩ ኢሳ እንላቸዋለን፤ የመርየም ልጅ። በአራስነታቸው ተናግረዋል ይላሉ አባቴ...» አለች። «ያንን እርሺው» አልኋት። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ትምህርቱ የገባት መሰለኝ።

ታኅሣሥ ፫

ጨረሰች። አንድ ፊደል ሳትጥል፣ ሳትደናቀፍ። እኔ በልጅነቴ አርጩሜ ቀምሼ የያዝሁትን!

ቄስ አሻግሬን መንገድ ላይ አግኝቼ ነገርኋቸው። የምራቴ የንስሐ አባት የሚሆኑት እርሳቸው ናቸው። ነገ ሳምንት፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሽማግሌዎች ባሉበት ይስሟት አልኋቸው። ምናልባት ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር...

ታኅሣሥ ፲፩፣ እሑድ

መጻፍ አልቻልሁም።

ታኅሣሥ ፲፪

ይጻፍ። ላመልጠው አልችልም።

ደጀ ሰላሙ ሞልቶ ነበር። ፈንታዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቆመችና ጸሎቱን ከዳር እስከ ዳር አለችው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ደረቴን እየነፋሁ እንደ ነበር አሁን ይታየኛል። ቄስ አሻግሬ ለስለስ ብለው፣

«ጎበዝ ልጄ። እንግዲህ በራስሽ አፍ ንገሪን። የምታምኚበት እርሱ ማን ነው? ምን አደረገልሽ?» አሏት።

ወደ እኔ አየች።

«አባቴ፣ ቃሉን ሁሉ አውቃለሁ። ሰውየውን ግን ማን ነገረኝ?»

«ሰውየው አለች!» አለ አንዱ። ሌላው ከጥግ፣ «መሪጌታ ቢተው፣ በቀቀን ነው እንዴ የሚያስጠምቁት?» አለ። ሳቁ። በደጀ ሰላም፣ በእኔ ላይ፣ ያስተማርኋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ቄስ አሻግሬ ብቻ አልሳቁም። የእርሳቸው ዝምታ ግን ባሰብኝ።

ቤት ስደርስ ጮኽሁባት። «አዋረድሽኝ!» አልኋት። «የጠየቁኝን ነው የመለስሁት፣ አባባ» አለች፤ አላለቀሰችም። አካሉ መካከላችን ገብቶ ቆመ። «እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ» አለኝ። እኔም «ውጡ!» አልሁ።

ውጡ... አንድ ልጄን። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። መልሼ ግን አልዋጥሁትም።

ታኅሣሥ ፲፬

ዕቃቸውን እየሸከፉ ነው። አካሉ አያናግረኝም።

አስቻለች አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «መሪጌታ፣ እስኪ ለእኔ ይንገሩኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ልጅቱ የጠየቀችውን። ከተጋባን ጀምሮ ሲዘምሩለት ነው የምሰማው። አንድ ቀን ስለ እሱ አጫውተውኝ ያውቃሉ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «አካላዊ ቃል፣ ከዘመናት አስቀድሞ...»

«በአማርኛ!»

ጸዋትወ ዜማውን ከነምልክቱ አውቃለሁ፤ ስለ ልደቱ የተነሣውን ክርክር፣ ማን ምን ብሎ እንደ ተረታ አውቃለሁ። አንድ ሰው ስለሚወደው ሰው እንደሚያወራ ላወራላት ግን... ከየት ልጀምር?

ማምሻውን ወደ ልጆቹ በር ሄድሁ። «እስከ ጥምቀት ቆዩ» አልኋቸው። ይቅርታ የሚለው ቃል ከጥርሴ አላለፈም። ፈንታዬ ግን የያዘችውን አገልግል መሬት አስቀመጠች።

«ለምን እንቆያለን፣ አባባ?»

«የምታነቢው ነገር እጽፍልሻለሁ። በአማርኛ።»

ታኅሣሥ ፲፯

ከጧት ጀምሬ ጻፍሁ። ወረቀቱ በሁለት ወገን ሞላ። መልሼ ሳነበው የሁለቱን ልደታት ምሥጢር አትቼ፣ በቅብዐት የሳቱትን ረትቼ፣ በጸጋ የሳቱትን ልረታ ተነሥቻለሁ።

አስቻለች በትከሻዬ በኩል ወደ ወረቀቱ ብቅ አለች። ፊደል አትለይም። «የት ደረሰ? አድጓል?» አለችኝ።

«ገና ነው። ለመናፍቃን መልስ እየሰጠሁ ነው።»

«ማን ጠየቀዎ?»

ወረቀቱን ቀደድሁት።

ታኅሣሥ ፲፰

እንዲህ ብዬ ጀመርሁ፦ «ናዝሬት በምትባል ትንሽ አገር ማርያም የምትባል ድንግል ነበረች። ለአንድ አናጢ ታጭታ ነበር። አንድ ቀን ያልጠበቀችው እንግዳ መጣባት።»

ባልንጀሮቼ ይህን ቢያዩ ምን ይሉኝ ይሆን? የቅኔ መምህር የሕፃን ተረት ይጽፋል! እጄ አፈረ። ብቻ ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች።

«ፈርታ ነበር?»

«ደንግጣለች። ተጽፏል።»

«ቀበሌ ልንፈራረም የሄድን ዕለት እኔም እንዲሁ... ስምሽ ማነው ሲሉኝ ጠፋኝ» አለችና ሳቀች። ከመጣች ወዲህ በእኔ ፊት ስትስቅ አላየሁም ነበር።

ታኅሣሥ ፳፭

በየቀኑ አንድ ገጽ። በሠርግ ቤት ወይን ማለቁን ጻፍሁ። ዓይነ ስውሩን ጻፍሁ። ከቀራጮች ጋር መብላቱን ስጽፍ «ቀራጭ ማነው?» አለችኝ። ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፤ ሕዝቡ የሚጠላው፣ አልኋት። «እንደ ቀበሌው...» ብላ አፏን ያዘች። ሁለታችንም ወደ በሩ አየን።

ዛሬ የሰማርያዋን ሴት ጀመርሁ። «በመንገድ ደክሞ በውኃ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀመጠ። አንዲት ሴት ልትቀዳ መጣች። ወገኖቹ በእርሷ ዕቃ አይጠጡም ነበር። እርሱ ግን አጠጪኝ አላት» ብዬ እንደ ጻፍሁ ብዕሩ ቆመ።

ፈንታዬ ከመጣች ቀን ጀምሮ የምትጠጣበት ጣሳ ለብቻው ነው። ከቤቱ ጣሳ እንዳይቀላቀል ከበሩ ጀርባ በሚስማር የሰቀልሁት እኔ ነኝ። እስክትጠመቅ ብዬ። ማንም አልከሰሰኝም፤ ሥርዓት ነው ብዬ ነበር። ወንጌሉን በዜማ ሳነበው ስንት ጊዜ በዚህ ጉድጓድ አጠገብ አልፌአለሁ? አንድ ቀን እንኳ ጣሳ አላየሁም።

ተነሥቼ አወረድሁት። ከእንስራው ቀድቼ ስጠጣ ከደጅ ገባች።

«አባባ፣ እሱ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሌላ ነገር ልላት ፈልጌ ነበር። ውኃው አነቀኝና አሳለኝ። ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ጥር ፬

አስቀድማ ለአካሉ ሳይሆን ለእኔ ነገረችኝ።

«አባባ፣ አይቆጡኝ። በጥምቀት በዓል አልጠመቅም።»

ቁጣው መጣ። እስከ ጆሮዬ ድረስ መጣ።

«ጠላሽው?»

«አይደለም። ገና አሁን እየተዋወቅሁት ነው። ያን ጊዜ ቢያጠምቁኝ እርስዎን ፈርቼ ነበር። አሁን እርስዎን አልፈራም፤ ታዲያ ፈጥኜ ምን አደርጋለሁ?»

እርስዎን ፈርቼ። ምራቴን ወደ አምላኬ የምነዳበት ዱላ እኔው ራሴ ነበርሁ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም። ቃሌስ? ጣሪያዬስ? ሽማግሌዎቹስ?

«የት ደርሰሻል?» አልኋት።

«እሱ በአልዓዛር መቃብር ላይ ሲያለቅስ።»

«እንግዲያስ አንብቢ።»

ጥር ፱

ለሽማግሌዎቹ ራሴ ነገርኋቸው፤ ሌላ ሰው እንዲነግርልኝ አልላክሁም።

«እምቢ አለች?» አሉ።

«እምቢ አላለችም። ያላስተማርኋትን መርምራችሁ ጥፋቱን በእርሷ ላይ አደረጋችሁ፤ እኔም አብሬ አደረግሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጊዜ ያስፈልጋታል።»

በቀቀን ያላት ሰውዬ፣ «እስከዚያ የት ልትኖር ነው?» አለ። መሐላዬን ያውቃል።

«በቤቴ።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። በመንገድ ሁሉ ፊቴ ይነድ ነበር... በዚህ ዕድሜ ቃሌን ሻርሁ። አካሉ ከኋላዬ ሮጦ ደርሶ መቋሚያዬን ተቀበለኝ።

የካቲት ፯፣ እሑድ

አባቷ ይመር በበቅሎ ከከላላ መጡ። አመጣጣቸው ለጠብ ነበር። ሰላምታ ሰጥተው ሳይጨርሱ፣

«መሪጌታ፣ ልጄን በግድ ሊያስገቧት ነው ሲሉ ሰማሁ። ወላሂ፣ እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

እውነት ነበር ልላቸው አፌን ስከፍት ፈንታዬ ቀደመችኝ። «አባቴ፣ ይቀመጡ። የተማርሁትን ላንብብልዎት» አለች። ገጾቹን አምጥታ ደጅ፣ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀምጣ አነበበች። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። መጀመሪያ ታሪኩን ሳይሆን ጣቷን ነበር የሚያዩት። ቆይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መስቀሉ ላይ ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ እንለያያለን። እኛ አልተሰቀለም ነው የምንለው።»

መልሱ ሁሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዕድሜ ልኬን የሳልሁት። «አዎን፣ እዚህ ላይ እንለያያለን» አልሁ ብቻ።

አንብባ ስትጨርስ ወደ እርሷ ዞሩ። «በፈቃድሽ ነው?»

«በፈቃዴ ነው፣ አባቴ። ቀኑን ግን የምቆርጠው እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ይሆናል።»

ገጾቹን ከእጇ ተቀብለው አገላበጡ። «ልቤ አልወደደውም» አሉ በመጨረሻ። «አልዋሽሽም። ግን ይህ ያነበብሽልኝ ሰው ልጅ ከአባቷ የሚነጥቅ አይመስልም።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «መሪጌታ፣ እልኸኛ ናት፤ አላህ ትዕግሥቱን ይስጥዎት!» አሉኝ። አካሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

አመሻሽ ላይ በቅሎዋ ተጭና፣ ልሸኛቸው ልጓሟን ይዤ እየሄድን ሳለ ቆሙ።

«ወረቀቱ ተቀበረ ብሎ አለቀ። በእናንተ በኩል... ከዚያስ?»

ከዚያ ያለውን ገና አልጻፍሁትም ነበር። በአፌ ነገርኋቸው።