በሁዳዴ የመጣው የዶሮ ኩስ

ጥር 30
ከልጄ ከሴና ጋር ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ጎመን ተከልን። አምስት መደብ። ተመርቃ ሥራ ካጣች ወዲህ ከአልጋ አትወርድም ነበር... አሁን እኔን የምትቀሰቅሰኝ እሷ ናት! ሰበካ ጉባኤው ቦታውን የሰጣት ለሙከራ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ጃርሶ ግን ለመኪና ማቆሚያ ይፈልጉታል።
የሚያሳስቡኝ፦ ውሃ። ቀንድ አውጣ። ጋሽ ጃርሶ።
ይሳካል ግን። ይሳካል።

የካቲት 21
ጎመኑ ገረጣ። ከአንድ ዶሮ አርቢ ሁለት ጆንያ ኩስ አመጣሁ። ሴና ሳታይ በተንኩት። ነገ ትደነቃለች።

የካቲት 22
ውይ! ሽታው ቅዳሴው ውስጥ ገባ። ሰው ሁሉ በነጠላው አፍንጫውን ይዟል። ሲያልቅ ጋሽ ጃርሶ ደጅ ላይ ያዙኝ።
«በሁዳዴ ዶሮ ይዘህ ትመጣለህ?»
«ኩሱ እኮ ነው ጋሼ... ሥጋው አይደለም።»
«እሱንማ አፍንጫዬ ነገረኝ!»
ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ለግንቦት ልደታ መጥተው ያያሉ። ከሸተታቸው ቦታው ለመኪና ነው።
ሴናማ ራሷን ያዘች። «አባዬ፣ ትኩሱን? ያቃጥለዋል እኮ!»

የካቲት 25
ሁለት መደብ ተቃጠለ። ዛሬ አልቀሰቀሰችኝም። ምን አስቸኮለኝ?

የካቲት 26
እኔው ቀሰቀስኳት። «ተነሺ፣ ጉድጓድ እንቆፍራለን።»
መቅደሱ ውስጥ ተጎዝጉዞ የደረቀ ቄጠማ ጥግ ላይ ተከምሯል። መንገድ ላይ አይጣል፣ ሰው ይረግጠዋል። ኩሱን ጠርገን አንድ ረድፍ ኩስ፣ አንድ ረድፍ ቄጠማ፣ ከላይ አፈር ብናደርግስ? ግን ነውር ይሆን? ቄሱን ጠየቅኩ።
«ከማቃጠል ይሻላል» አሉ። «ብቻ በደንብ ሸፍኑት።»
ሴና ሳቀች... ከአራት ቀን በኋላ።

ሚያዝያ 14
ጉድጓዱን ከፈትን። ሦስት ጊዜ አሸተትኩ። የዝናብ አፈር ነው የሚሸተው! በተቃጠሉት መደቦች ላይ ጨምረን አዲስ ችግኝ ተከልን። ሴና አሁን ስለ ካሮት ታወራለች።

ግንቦት 1
ጋሽ ጃርሶ መጡ። ጎመኑን ዞር ብለውም አላዩት። ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑ፣ አሸተቱ።
«ሴና፣ ነይ እስቲ» አሏት።
«አቤት ጋሼ።»
«ከዚህ አንድ ፌስታል ሙይልኝ። ሰንጋ ተራ በረንዳዬ ላይ ጤና አዳሜ ጠውልጎብኛል።»
ሞላችላቸው። መኪናቸው ድረስ ልሸከምላቸው ብዬ ግቢውን በዓይኔ ፈለግኩ... የለም።
«መኪናዎስ ጋሼ?»
«ውጭ ነዋ ያቆምኩት! እዚህማ የት አለ ቦታ?»
የሚያሳስበኝ፦ ቀንድ አውጣ።