ግሮዝዳ ቀሚሴን የለቀቀችበት ሰኞ

ለምወድሽ ለእትዬ ዳሪንካ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ዚቭኮስ ከሕንፃ ሥራው በሰላም ይገባል? ቪየና መቼም መብረድ ጀምሯል፤ የላክሁልሽን የሱፍ ካልሲ አድርጊው እንጂ ሣጥን ውስጥ አታስቀምጪው። እኛ በአካል ደኅና ነን። ልቤ ግን ደኅና ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ።

ትንሹ ልጄ ቬልኮዬ በሚያዝያ ካረፈ ወዲህ እህቱ ግሮዝዳ ቀሚሴን አልለቅም ብላ ነበር። አምስት ዓመት ሞልቷት ሽንት ቤት ስገባ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። የምሠራበት ፋብሪካ ደግሞ በጥቅምት ካልተመለስሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን አለኝ። ስለዚህ ማለማመድ ጀመርኩ። መሐረቤን አስይዣት መጀመሪያ እስከ ውኃ ጉድጓዱ፣ ቀጥሎ እስከ ጎረቤት፤ እመለሳለሁ ብዬ እሄዳለሁ፣ እንዳልኩትም እመለሳለሁ። ጎረቤቴ ሚሉንካማ "ባቡር ሆንሽ እንዴ፣ ስትሄጂ ስትመጪ የምትውይው?" እያለች ሳቀችብኝ።

ባለፈው ሐሙስ ከእሷ ቤት ስመለስ ለቅሶ አልሰማሁም። ግሮዝዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች፤ ግራ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ ጣቶቿን ጨብጣለች። "ሂጂ እማዬ፣ እሱ ይዞኛል" አለችኝ። ማን ብላት፣ "ቬልኮ ነዋ! ብቻውን መሆን ይፈራል። አብረን እንሂድ ይለኛል" አለች።

ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። አማቴ እማማ ስታና ግን ስነግራቸው አልደነገጡም። ሁለቱም በመጋቢት የተወለዱ ናቸውና፣ በአንድ ወር ከተወለዱ ልጆች አንዱ ሲሞት ሌላውን ይወስዳል ብለው፣ በቀብሩ ዕለት እግሯን ከእግሩ ጋር በፈረስ ሰንሰለት አስረን በሌላ ወር የተወለደ ልጅ እንዲፈታት ለምነውኝ ነበር። ሕፃን ከሬሳ ጋር አላስርም ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። አሁን "አንቺ ባታስሪያቸውም ታስረዋል፤ ሳይወስዳት እንፍታት" አሉኝ።

ተሸነፍኩ፣ እትዬ። እሑድ ጠዋት መቃብሩ ዘንድ ወስደን ሰንሰለቱን ከቁርጭምጭሚቷና ከመስቀሉ ግርጌ ጋር በጓጉንቸር ቆለፍነው። የሚሉንካ ልጅ ቦሲልካ የነሐሴ ልጅ ናት፤ ቁልፉን እሷ ያዘች። ግሮዝዳ "እህት ሁኚኝና ፍቺኝ" ብላ ሦስት ጊዜ መለመን ነበረባት። ሁለቴ አለች። ከሦስተኛው በፊት ወደ ጎኗ ዞራ "አታልቅስ" አለች፤ ከዚያ ጨረሰችው፤ ቦሲልካም ጓጉንቸሩን ከፈተችላት።

ሰኞ መዋዕለ ሕፃናት ሳደርሳት በሩ ላይ እጄን ለቃ ከቦሲልካ ጋር ሮጣ ገባች። ዞራም አላየችኝ። ስንት ወር የለመንኩት ነገር ሆኖ ሳለ ሆዴ ባባ።

ብቻዬን ወደ ፋብሪካው ስሄድ ድልድዩ ላይ ቀሚሴ ተጎተተ። ግሮዝዳ ከምትይዝበት ዝቅ ብሎ፣ እሱ ይይዝበት ከነበረው ቦታ ላይ። ዞር አላልኩም። እንዲደርስብኝ ብዬ እርምጃዬን ቀስ አደረግሁ። ዛሬም እንደዚያው ነው የሄድነው።

ለዚቭኮ፣ ለሩመናና ለትንሹ ስላቭኮ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባለቤቴ ራድሚር ናፍቀሽኛል ይልሻል፤ ግሮዝዳም ትስምሻለች። ለእማማ ስታና ስትጽፊ ግን የድልድዩን ነገር እንዳታነሺባቸው አደራሽን። ለእኔም ቁልፍ ያመጡብኛል።

እህትሽ ያስና
ቲሞክ ወንዝ ዳር፣ ከመንደራችን
ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978