በር አንኳኪዋ ተመራማሪ ዶክተር ቴለርቮ አሆንኪቪ ማረፋቸውን ስለማሳወቅ

የኩሲማኪ የቤተሰብ ጥናት ማዕከል ባልደረባ የነበሩት ዶክተር ቴለርቮ አሆንኪቪ ባለፈው ቅዳሜ ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ማዕከሉ ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶታል። በሕይወት ሳሉ ስላስቸገሩት ነገር፣ ሐዘኑ እንዳይበርድ ሲል፣ በመጠኑ ብቻ ይናገራል።

ዶክተር ቴለርቮ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ሠልጥነው ማዕከሉን ከተቀላቀሉ ጀምሮ ጥናታቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፦ ልጅ ከመጎዳቱ በፊት ጎረቤት ምን ሊያደርግ ይችላል? እንደሚታወቀው በከተማችን ጨዋ ሰው ከቤቱ ሲወጣ አስቀድሞ በበሩ ቀዳዳ ያያል፤ ኮሪደሩ ላይ ጎረቤት ካለ እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ግድግዳ ማዶ ልጅ ሲያለቅስም ሰው ላለማስቸገር አያንኳኳም፤ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ይደውላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 ማዕከሉ የቤት ለቤት ጥናቱን ሥርዓት ለማስያዝ የጉብኝቱን ሰዓት ለአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች አስቀድሞ አሳወቀ። በተባለው ሰዓት ሕንፃው በሙሉ መብራቱን አጥፍቶ ተቀመጠ። ሪፖርታችን «አካባቢው ሰላማዊ ነው» ሲል ደመደመ። ዶክተሯ አልፈርምም አሉ።

በ2012 ጥናቱን ወደ ሕንፃው የጋራ የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ወደ ሳውናው፣ በሴቶች ተራ ሰዓት አዛወሩት።

«እኔ እኮ ልጄን ልመታው እጄን አንስቼ ነው በረንዳ ላይ የወጣሁት» አለች አንዷ።

ከላይኛው አግዳሚ መቀመጫ «እኔ አልወጣሁም» የሚል ድምፅ መጣ።

ከዚያ ወዲህ የደከማት እናት የጎረቤቷን ደወል ትጫናለች፤ ጎረቤቷም ልጁን ይዛ ግቢ ትወርዳለች። ማዕከሉ በበኩሉ የተሳታፊዎች ስምምነት ወረቀት በእንፋሎቱ እንዳይበላሽ ምን እንደታሰበ ጠይቆ ነበር። ዶክተሯ የሰጡት ምላሽ ለዚህ መግለጫ የሚሆን አይደለም።

ከእነዚህ እናቶች አንዷ ሚርቫ ናት። ስሙን ያልገለጸ ጎረቤት ልቅሶ ሰምቶ ለሕፃናት ጥበቃ ቢሮ ስለደወለ፣ የሦስት ዓመት ልጇ ኦኒ ከእጇ ይወሰድ ወይስ አብሯት ይቆይ የሚለው ነገ ሐሙስ ጠዋት ይወሰናል። ዶክተሯ ጉዳዩ በሚታይበት ስብሰባ ቀርበው ሊናገሩላት ቃል ገብተው ነበር። ማዕከሉ ማን ይተካቸው በሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ፣ መቅረብ ከጥናት ገለልተኝነት ጋር እንደማይሄድ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።

ትናንት ግን ሚርቫና ጎረቤቷ፣ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አርቮ፣ ወደ ማዕከሉ መጡ። ዳይሬክተራችን ቀጠሮ እንደሌላቸው አስታወሷቸው።

«ሰውዬ፣ የሞተችው ቴለርቮ ናት፤ እኛ አልሞትንም» አሉ አርቮ። «ያን ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ። ደወሏን ከመጫን ስልኩ ቀለለኝ። ነገ ይህንኑ እዚያው ፊታቸው እናገራለሁ።»

ሚርቫ ይህን ገና መስማቷ ነበር። ዞር ብላ አየቻቸው።

«በራችን መሀል እኮ ሁለት ሜትር ነው፣ አርቮ።»

ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች።

«እሱስ አፍሮም ቢሆን ይመጣል። አንተስ?»

ዳይሬክተሩ ውሳኔው የጋራ መሆኑን ሊያስረዱ ጀምረው አልጨረሱትም።

ማዕከሉ ለዶክተሯ ወንድም፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለሕንፃው ነዋሪዎች መጽናናትን ይመኛል። ነገ ጠዋት ማዕከሉ ዝግ ነው፤ ዳይሬክተሩ የኦኒ ጉዳይ በሚታይበት ስብሰባ ላይ ይቀርባሉ፣ የቀረነው ኮሪደሩ ላይ እንቆማለን። የቀብሩን ሰዓት ከዚያ በኋላ እናሳውቃለን፤ ኦኒ ነገ ማታ የት እንደሚያድር ሳናውቅ እርም ማውጣት አልሆነልንም።