ከሳህኑ ዳር የቀረው

ደሴ፣ ሆጤ
ግንቦት 9 ቀን 1971 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ አለይኩም። ያ የግራ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ዳገት ላይ አሁንም ያስቆምሻል? እዚያ ደጋን ዝናብ ጣለ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከደሴ ብርድና ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልሆንኩም።

ይህን የምታነብልሽ የጎረቤታችን ልጅ ከሪማ ትሁን፤ እንድሪስ አይሁን። ወንድሜ አንድ ሚስጥር ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ ይዟል፤ ከዚያ በላይ ሆዱ አይችልም። ከሪማ፣ እህቴ፣ ዝቅ በይ ባልኩሽ ቦታ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ። የእናቴ ባለቤት መደቡ ላይ ተኝተው ጆሯቸው እዚህ እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ብዬ እንዳልጽፍ የከለከሉኝ ራሳቸው ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ምግባቸው። ይህ ይሰማ።

እማዬ፣ ዓይናቸው ነጣ ማለት ዳኑ ማለት አይደለም። ጉበታቸውን የጎዳው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር ነው። የወፍ በሽታ መድኃኒት እያሉ የሚቀጠቅጡትን ሥር ዳግም እንዳታጠጪያቸው፤ የታመመ ጉበት አይችለውም። እንቁላልና ወተት ክልክል ነው የሚልሽንም አትስሚ። በገብስ ውሃ ብቻ የተኛ ሰው በምኑ ይነሣል? ጠዋት ጠዋት አብልጪያቸው፣ ሆዳቸው የሚከፈተው ያኔ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያቅለሸልሻቸዋል። ትልቅ ሳህን አቅርበሽ ከምታስፈሪያቸው ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ቀኑን ሙሉ ስጫቸው። ገንፎው ቀጠን ይበል፣ ቅቤው ለሽታ ያህል። የተቀቀለ እንቁላል፣ የዶሮ መረቅ፣ በርበሬ የሌለው ምስር። እንድሪስ ኮምቦልቻ ሲወርድ ፓፓያና ብርቱካን ይግዛ። የቀበሌው ስኳር ካለቀ ማር ይበቃል። ውሃውን አፍልተሽ አቀዝቅዢው። ሳህንና ኩባያቸው ለብቻ ይሁን። ትራፊያቸውን ደግሞ ማንም፣ እማዬ፣ ማንም እንዳይበላ። በሽታው የሚሻገረው በዚያ ነው።

ከሪማ፣ አሁን ዝቅ በይ።

ለአከራዬ ለእትዬ ረሂማ የላክሽው የምስጋና ማር ደርሷል። እሷ ግን ለባለቤትሽ አንድም ቀን እሳት አላነደደችም።

ከዘመቻ ስመለስ ሸረፈዲን ምን አዘጋጅቶ እንደጠበቀኝ አልረሳሽም። አላገባህም ስላልኩት ብቻ፣ ከክርስቲያን ዘማቾች ጋር ሥጋቸውን ስትበላ ከረመች ብሎ አገር አስወራ። እኔ ሽሮና ንፍሮ ስበላ ነው የከረምኩት። ክርስቲያኖቹ ጓደኞቼ እንኳ ድስቴን ከድስታቸው እየለዩ ያስቀምጡልኝ ነበር። ባለቤትሽ ግን ቁርአን አስመጥተው ማይ አሉኝ። አልማልኩም። ዛሬም አልምልም። ያሳደገኝ ሰው ቃሌን ካላመነ መሐላዬ ምን ይጨምርለታል? እሳቸው ማሉ። "ወላሂ ከእንግዲህ ከዚህች ልጅ እጅ አልበላም" አሉ፣ ሽማግሌ ሁሉ እየሰማ። በዚያው ወጣሁ። ጤና ረዳትነት ተማርኩ፤ ይኸው ሦስት ዓመት።

ሚያዝያ ላይ ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ በሸክም ወደምሠራበት ሆስፒታል ሲመጡ የሕፃናት ክፍል ተረኛ ነበርኩ። በመስኮት አየኋቸው፤ እሳቸው አላዩኝም። የሆስፒታሉን ሾርባ ማን እንዳረደው አላውቅም ብለው መለሱት። እንጀራውም አስጠላቸው። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ እንድሪስን ጠርቶ፣ ካልበሉ አይተርፉም አለው። የዚያን ዕለት የእትዬ ረሂማ ባል ኑርሁሴን ዶሮ አረደልኝ። መረቁን አወጣሁ፣ አንቺ እንደምታቀጥኚው ገንፎ አገነፋሁ፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥሬ ለእንድሪስ ሰጠሁት። ከረሂማ ነው በል አልኩት። እየሰረቅኳቸው መሰለኝ፤ ግን መሐላቸው ከሚሞትና እሳቸው ከሚሞቱ የቱ ይሻላል?

በሉ። መጀመሪያ ሦስት ማንኪያ፣ ከዚያ ግማሽ ሳህን፣ ከዚያ ሙሉውን። በሦስተኛው ቀን እንድሪስን፣ "ይቺ ረሂማ የኔን ሆድ በምን አወቀችው?" አሉት። የሆጤ ሴት የማታውቀው የለም ብሎ መለሰ። እሳቸውም፣ "እጇን አላህ ይባርከው" አሉ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሳህኑ ባዶውን መምጣት ተወ። ጉርሻ የምታህል ገንፎ ከዳር ትቀራለች። ይጨርሱ እንጂ፣ አቅም ያስፈልጋቸዋል ብዬ እንድሪስ ላይ ጮህኩ። "በቃኝ ይላሉ፤ ያቺን ግን አትንካት፣ እንዳለች መልሳት ይሉኛል" አለኝ። ያኔ ጎንበስ ብዬ አየኋት። መሐሏ በአውራ ጣት ጎድጎድ ተደርጋለች።

እማዬ፣ ትሪው ሥር ቁጭ ብዬ የምጠብቃት ጉርሻ ትዝ ትልሻለች? "ይቺ የትንሿ ናት" እያሉ በአውራ ጣታቸው የሚያትሟት፣ ወንድሞቼ በቅናት የሚሞቱባት?

ለእትዬ ረሂማ አሳየኋት። ሳቀች። "ከእጇ አልበላም ነው ያሉት፤ ከእጄ አትብላ ብለዋል እንዴ?" አለችኝ።

በላኋት። ለሌላው የምከለክለውን እያወቅሁ አደረግሁት። አትቆጪኝ፤ ዓይኔን በየጠዋቱ በመስታወት አያለሁ፣ ነጭ ነው። አንቺ ግን እንዳታደርጊው።

ሸረፈዲንን ይቅር አላልኩም። መሐላም አልምልም። ይህን ማንም እንዳይሳሳት።

አሁን ከሪማ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ መደቡ ድረስ ይሰማ።

አባባ፣ ከሳህኑ ዳር የቀረው በየቀኑ ደርሷል። አንድም ቀን አልተደፋም። ከእንግዲህ ግን ይጨርሱት፤ ሐኪሙ ስለሚቆጣ ነው።

እማዬ፣ ሐምሌ ላይ የዓመት ፈቃዴን እወጣለሁ። የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌ ጠይቄያለሁ። ረሂማ ገንፎ ልታገነፋ ደጋን ትመጣለች ብለሽ ንገሪያቸው፤ ምንጣፍ ለአንድ ሰው ብቻ ይዘጋጅ።

አላህ ጉልበትሽን ያበርታው፣ ቤታችሁን ከክፉ ወሬ ይጠብቀው፣ ሳህናችሁን አያጉድለው።

ትንሿ ልጃችሁ