ከሞቱ በኋላ ድምፅ የሰጡት አማካሪ

ዓርብ፣ ሚያዝያ 9 ቀን

ለዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሕይወት የሌሉ አማካሪ "ደግፈዋል" ተብለው የተቆጠሩበት የኩሬ ማስደፈን ውሳኔ እንዲታገድልኝና ድምፃቸው እንዲሰረዝልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በዩኒቨርሲቲያችን የአካባቢና የዘላቂ ልማት ትምህርት ማዕከል የአማካሪ ጉባኤ ጸሐፊ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ወደ ክቡርነትዎ ቢሮ የላክሁት ጽሑፍ ሁሉ የሌሎች ሰዎች ቃል ነበር። የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቢንዛዛብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ነገሩን ባጭሩ ለመናገር፣ የሞተ ሰው ድምፅ እንዲሰጥ አድርጌአለሁ። በዚያ ድምፅ የተነሳ ከማዕከሉ ጀርባ ያለው ኩሬ የፊታችን ሰኞ በአፈር ሊደፈን ነው።

1. ጉባኤው ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። ስድስቱ ከነማዕረጋቸው በክቡርነትዎ ዘንድ የታወቁ ስለሆኑ አልዘረዝራቸውም። ሰባተኛው ዲግሪ የሌላቸው፣ ጡረታ የወጡ የውሃ ከፍታ ለኪ ነበሩ። ተማሪዎች ከእጃቸው በማይለየው የመለኪያ ዘንግ ምክንያት ጋሽ ዘንግ ይሏቸዋል። እኔም እዚህ እንዲሁ እላቸዋለሁ፤ ሙሉ ስማቸውን ስጽፍ ዓይኔ ያስቸግረኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያንን ኩሬ በየማለዳው ለክተው በደብተር መዝግበዋል። ማዕከሉ የተከፈተውም አንድ መምህር ያን ደብተር አይቶ ጉድ ስላለ ነው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ግትር ሰው ነበሩ። በጭቃ ጫማቸው ስብሰባ ይገባሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ስትቆጣቸው "ኩሬውን ይዤው ካልገባሁ እዚህ ማን ያስታውሰዋል?" ይሏታል። ለአዲስ ተማሪዎች ምክራቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ "መጀመሪያ ካልሲያችሁ ይርጠብ፣ መጽሐፉ ይደርሳል።"

2. የጉባኤው መተዳደሪያ ደንብ አንቀጽ ዘጠኝ፣ የውሳኔ ሐሳብ ለአማካሪዎች በስልክ መልእክት እንደሚላክ፣ መልእክቱን ከፍቶ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ያልተቃወመ አማካሪም እንደደገፈ እንደሚቆጠር ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ ያመጡት ራሳቸው ጋሽ ዘንግ መሆናቸው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አማካሪዎቻችን ለመልእክት መልስ መስጠትን እንደ ውርደት ስለሚቆጥሩት ሥራ ሁሉ ቆሞ ነበር። ጋሽ ዘንግ ጠረጴዛውን በመለኪያቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉና "ያልፈለገ ይናገር። ዝም ያለ ተስማማ እንበልና እንገላገል" አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም እየሳቅሁ ጻፍኩት።

3. ጋሽ ዘንግ ባለፈው ኅዳር አረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፤ ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ብዬ ዓይኔን በጨው ታጥቤ መከራከር አልችልም። በሳምንቱ ለአማካሪዎች በሙሉ የላክሁት ተራ ማስታወቂያ፣ ስልካቸው ከዝርዝሩ ስላልወጣ፣ ለእሳቸውም ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ከስማቸው አጠገብ "ተነቧል" የምትለዋን ምልክት አየሁ። መጀመሪያ ፈራሁ፤ ቆይቶ ግን፣ ምን ልበልዎ፣ ደስ አለኝ። ስማቸውን ልሰርዝ ስንት ጊዜ ተነሳሁ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚያ ወዲህ የላክሁት ሁሉ ተነቧል፤ ሁልጊዜም ጠዋት፣ ኩሬውን ይለኩበት በነበረው ሰዓት። ማን እንደሚያነበው አልጠየቅሁም። መጠየቅም አልፈለግሁም።

4. በየካቲት ወር ኩሬው ተደፍኖ የማስተማሪያ አዳራሽ እንዲሠራበት የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ፤ እኔም እንደ ደንቡ ለዝርዝሩ በሙሉ በስልክ ላክሁት። ሐሳቡ ከክፋት የመጣ አልነበረም። ተማሪዎቻችን ኮሪደር ላይ ቆመው ይማራሉ፣ ከማዕከሉ አጠገብም ሌላ ቦታ የለም። ሦስት አማካሪዎች ደገፉ፣ ሦስት ተቃወሙ። በደንባችን ድምፅ እኩል ሲሆን ሐሳቡ ይወድቃል። እኔ ግን ሰንጠረዡን ስሞላ እጄ እንደለመደው እስከ ታች ወረደና ከሰባተኛው ስም ፊት "ደርሷቸዋል፣ አንብበዋል፣ አልተቃወሙም" ብሎ ጻፈ። አራት ለሦስት ሆነ።

የመጋቢት ስብሰባ ጋሽ ዘንግ ካረፉ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በአንደኛው አጀንዳ ሁላችንም ተነስተን ለመታሰቢያቸው አንድ ደቂቃ ዝም አልን። በሦስተኛው አጀንዳ ሰንጠረዡ ተነበበ፣ ውሳኔው ጸደቀ፣ ስድስቱም ፈረሙ። አንድም ሰው ከወረቀቱ ቀና አላለም፣ እኔም ጭምር። ቃለ ጉባኤው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ክቡርነትዎ ገጽ አንድንና ገጽ ሦስትን ጎን ለጎን አድርገው እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

5. ባለፈው ማክሰኞ የጋሽ ዘንግ ባለቤት ቢሮዬ መጡ። የባላቸውን ስልክ በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውታል። ስልኩ እንዳይጠፋ በየቀኑ ቻርጅ ያደርጉታል። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጠዋት ባላቸው ይነሱበት በነበረው ሰዓት ይነሱና መልእክት ከመጣ ያቺ ቀይ ነጥብ እስክትጠፋ ድረስ ስልኩን ይነካኩታል። "ልጄ፣ ከናንተ ዘንድ ወሬ ሳይቋረጥ ይመጣል። እንዳልረሳችኋቸው አየሁ፣ ተባረኩ። እስቲ የኋለኛውን አንብቢልኝ፤ እሑድ መቃብራቸው ስሄድ እነግራቸዋለሁ" አሉኝ።

ምን አደርጋለሁ፣ አነበብኩላቸው። ኩሬው ሊደፈን ነው ስል መሐረቡን እጃቸው ላይ መጠቅለል ጀመሩ። ከሰባቱ አማካሪዎች በአራት ለሦስት ጸደቀ የሚለው ጋ ስደርስ አስቆሙኝ። በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ቀስ ብለው "እሳቸውስ ከአራቱ ናቸው ከሦስቱ?" ብለው ጠየቁኝ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። ስልኩን መልሰው ጠቅልለው ሄዱ። በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት እኔም ተስማምቻለሁ ማለት ነው።

6. የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ጉባኤው ሰብሳቢ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሰብሳቢው ደግ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፣ ውሃም አስመጡልኝ። ግን ይህን አንድ ድምፅ ከከፈትን የዘጠኝ ዓመት ውሳኔ ሁሉ ሊከፈት ነው ብለው ፈሩ። "ዝም አይነቅዝም። ደግሞስ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም" አሉኝ። እኔ ግን ኩሬውን ዛሬ ጠዋት ሄጄ አይቼዋለሁ። ገና እዚያው ነው፣ አልፈሰሰም።

ከማክሰኞ ወዲህ የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ አቅቶኛል። በመስኮቱ በኩል ካለው የጋሽ ዘንግ ወንበር ፊት የጫማቸው ጭቃ ደርቆ እስከ ዛሬ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን በሙሉ ስታጥብ ያቺን ቦታ ታልፋታለች፣ እኔም አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። ወረቀት ሳስተካክል ከበስተኋላዬ መታ መታ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። የጥገና ሠራተኛው ቧንቧ ነው ብሎኛል። ቧንቧው ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ነበር፣ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት ኩሬው ዳር እሄድና ከውሃው መሐል በቆመው መለኪያ ላይ ያለውን ቁጥር ጮክ ብዬ አነባለሁ። ለማን እንደማነብ አላውቅም። ሰው ሲያልፍ ስልክ የማወራ አስመስላለሁ።

ጋሽ ዘንግ በሕይወት ቢኖሩ ከየትኛው ወገን ይሆኑ እንደነበር ክቡርነትዎም ሳይገምቱ አይቀሩም። እኔ ግን አልገምትም። እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባሁት በእሳቸው ፈንታ ስለጻፍኩ ነው፤ ሁለተኛ አልጽፍባቸውም።

ስለዚህ ገልባጭ መኪኖቹ ሰኞ ጠዋት ከመድረሳቸው በፊት ሥራው እንዲታገድልኝ፣ የጋሽ ዘንግ ድምፅ ተሰርዞ ከስማቸው ፊት "በሕይወት የሉም" ተብሎ እንዲጻፍና ሐሳቡ በሦስት ለሦስት መውደቁ እንዲታወቅልኝ፣ አንቀጽ ዘጠኝም እንዲሻርልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉባኤው እንደገና መክሮ ኩሬው ይደፈን ካለ፣ በሕይወት ባሉ ሰዎች ድምፅ ይደፈን፤ ያን ጊዜ አንዲት ቃል አይወጣኝም። በእኔ ላይ ስለሚወሰደው እርምጃ የምለምነው የለም። የእጄን ነው፣ እቀበላለሁ።

በመጨረሻ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ ክቡርነትዎ ሥራ በዝቶብዎ እስከ ሰኞ መልስ ባይሰጡኝ እኔ ዝምታዎን እንደ መስማማት አልቆጥረውም። መኪኖቹ ግን ይቆጥሩታል።

ከሐፍረትና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የአማካሪ ጉባኤው ጸሐፊ

አባሪ፦ የመጋቢት ቃለ ጉባኤ፣ ሦስት ገጽ

ግልባጭ፦
ለአማካሪ ጉባኤው አባላት፣ ለስድስቱም
ለጋሽ ዘንግ ባለቤት (በስልክ አልተላከም። እሑድ ወደ መቃብር ከመሄዳቸው በፊት ቤታቸው ሄጄ አነብላቸዋለሁ። ባላቸው ከአራቱም ከሦስቱም አለመሆናቸውን እነግራቸዋለሁ።)